ኮምፒዩተራችን ሲበላሽ ኩባንያው ለምን አይመልስልንም?



በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ጉዳይ በኮምፒዩተር የሚሠሩ ወገኖቻችንን ሁሉ ሲያናድድ የቆየ ነው። አንድ ሰው ጥቂት ገንዘብ አጠራቅሞ፣ ወይም ዘመድ ከውጭ በላከለት ገንዘብ፣ ከገዳሪፍ ገበያ ያገለገለ ኮምፒዩተር ገዝቶ ወደ መንደር 8 ያመጣል። ማመልከቻ ይጽፍበታል፣ ፎቶ ያትምበታል፣ በስልክ ካርድ ላይ ፊልምና ዘፈን እየጫነ የዕለት ጉርሱን ያገኝበታል። ከጥቂት ወራት በኋላ ማሽኑ አልነሣም ይላል። በፊቱ ላይ የታላቅ ኩባንያ ስም ተጽፎበታልና ባለቤቱ «የሠሩት ያውቁታል» ብሎ ስልክ ይደውላል። በመጀመሪያ ሙዚቃ ያሰሙታል። ቀጥሎ ቁጥር ይጠይቁታል። ቁጥሩን ከተናገረ በኋላ ወደ ሌላ ሰው ያስተላልፉታል፤ ያም ሰው ያንኑ ቁጥር እንደ አዲስ ይጠይቀዋል። በዚህ መካከል የስልኩ ሒሳብ ያልቅና መስመሩ ይቋረጣል።

እንዲህ ዓይነት ነገር የደረሰበት ሰው ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያስባል። አንዱ «ስደተኛ ስለሆንኩ ንቀውኝ ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው «እኔው ነካክቼ አበላሽቼው ይሆናል» የሚል ነው። ሁለቱም ሐሳቦች ሰውን ከማሳዘን በቀር ማሽኑን አያስነሡም፤ አብዛኛውን ጊዜም ትክክል አይደሉም። እውነተኛው ምክንያት ሌላ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው።

ኩባንያው የሚሰጠው የጥገና እርዳታ ከማሽኑ ጋር ተጣብቆ የሚኖር ነገር አይደለም። ዋስትና የሚባል ውል ነው። ይህ ውል ሦስት ነገሮችን ይዟል፦ ጊዜን፣ ገዢንና አገርን። ለመሥሪያ ቤት የሚሸጡ ኮምፒዩተሮች ብዙውን ጊዜ የሦስት ዓመት ዋስትና ይኖራቸዋል። አውሮፓ ወይም አሜሪካ ያለ መሥሪያ ቤት ይህ ጊዜ ሲያልቅ አሮጌዎቹን በጅምላ ያስወግዳል፤ ነጋዴዎች ይገዟቸዋል፤ በመርከብ ተጭነው ወደ እኛ አካባቢ ይመጣሉ። እንግዲህ ማሽኑ ገዳሪፍ ገበያ ሲደርስ ውሉ ከሞተ ቆይቷል ማለት ነው። ዋስትናው ጥቂት ወራት ቢቀሩት እንኳ በመጀመሪያው ገዢ ስምና በተሸጠበት አገር የተመዘገበ ስለሆነ፣ ወደ አዲሱ ባለቤትና ወደ አዲሱ አገር እንዲዛወር ካልተደረገ በስልክ የሚያነሣው ሰው ሊረዳችሁ አይፈቀድለትም። ለማዛወር ደግሞ የቀድሞውን ባለቤት ዝርዝር ይጠይቃሉ። ገበያ ላይ የሸጠላችሁ ነጋዴ ይህን አያውቅም፤ ቢያውቅም አይነግራችሁም።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት በማሽኑ ጀርባ ወይም ከሥሩ የተለጠፈውን ትንሽ ወረቀት ተመልከቱ። በዴል ማሽኖች ላይ ሰባት ፊደላትና አኃዞች የተቀላቀሉበት መለያ አለ፤ ሌሎቹ ኩባንያዎች የራሳቸውን ተከታታይ ቁጥር ይለጥፋሉ። ኢንተርኔት ያለው ሰው ይህን ቁጥር በኩባንያው ገጽ ላይ ቢያስገባ ማሽኑ መቼ እንደተሸጠና ዋስትናው መቼ እንዳለቀ ያያል። ወረቀቱ የተፋቀበትን ማሽን ያለ በቂ ምክንያት አትግዙ።

አሁን «በንቀት ነው» ወደሚለው ሐሳብ እንመለስ። ገንዘባቸውን ሙሉ በሙሉ ከፍለው፣ ውሉን በእጃቸው ይዘው፣ በእንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱ ሰዎችም ይኸው ደርሶባቸዋል። በ2007 (እ.ኤ.አ.) የኒው ዮርክ ግዛት ዋና ዐቃቤ ሕግ አንድሩ ኮሞ ዴል የተባለውን የኮምፒዩተር ኩባንያ ከሰሱ። ከክሱ ፍሬ ነገር አንዱ ኩባንያው ለደንበኞቹ የሸጠውን የጥገና እርዳታ አልሰጠም የሚል ነበር። ሰዎች ነጻ ወደተባለው የስልክ መስመር ሲደውሉ ለረጅም ጊዜ ይጠብቃሉ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋሉ፣ መስመሩም ይቋረጥባቸዋል። ባለሙያ ቤታችን ድረስ መጥቶ ይሠራልናል ብለው ተጨማሪ የከፈሉ ሰዎች ሳይቀሩ በስልክ እየታዘዙ የማሽናቸውን ክዳን ራሳቸው እንዲፈቱና ዕቃ እንዲያነሡና እንዲያስገቡ ይገፋፉ ነበር። በ2008 ፍርድ ቤቱ ኩባንያውን ጥፋተኛ አድርጎታል። በ2009 ኩባንያው 4 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ጉዳዩ ተዘጋ።

«እኔው አበላሽቼው ይሆናል» ለሚለውም መልስ የሚሆን ታሪክ ከዚያው ኩባንያ አለ። ይህን ሰፋ አድርገን እንየው፤ ምክንያቱም ለጥገና ሥራም ይጠቅማል።

በኮምፒዩተር ዋና ሰሌዳ (ማዘርቦርድ) ላይ ትንንሽ በርሜል የሚመስሉ ዕቃዎች ቆመው ይታያሉ። ካፓሲተር ይባላሉ። ሥራቸው ኤሌክትሪክን ለቅጽበት ያዝ አድርጎ ያለ መቆራረጥ በእኩል ማስተላለፍ ነው። በውስጣቸው ፈሳሽ አለ። ፈሳሹ ጉድለት ካለበት ሙቀት ሲያገኘው ጋዝ ይፈጥራል፤ የበርሜሏ ራስ እንደ ተነፋ ሆድ ወደ ላይ ያብጣል፤ በመጨረሻም ይፈነዳና ቡናማ ነገር ያንጠባጥባል። እንዲህ የሆነ ማሽን በመጀመሪያ ያለ ምክንያት ይጠፋል፣ ራሱን እያጠፋ ይነሣል፣ በኋላም ጨርሶ እምቢ ይላል።

ከሜይ 2003 እስከ ጁላይ 2005 ዴል ይህ ጉድለት ሊኖርባቸው የሚችሉ ቢያንስ 11.8 ሚሊዮን ኮምፒዩተሮችን ሸጧል። አብዛኞቹ ለመሥሪያ ቤትና ለትምህርት ቤት የሚሸጡት ኦፕቲፕሌክስ የተባሉት ናቸው፤ ከእነርሱም ጂኤክስ270 የተባለው በይበልጥ ይታወቃል። ካፓሲተሮቹን የሠራው ኒቺኮን የተባለ የጃፓን ኩባንያ ነበር። አንድ በድረ ገጽ አገልግሎት ላይ የተሰማራ የአሜሪካ ድርጅት በ2007 ክስ መሥርቶ ስለ ነበር፣ በ2010 የኩባንያው የውስጥ ሰነዶች በፍርድ ቤት በኩል ይፋ ወጡ። በእነዚህ ሰነዶች ውስጥ የታየው ነገር የሚያስገርም ነው። በኩባንያው ጥናት መሠረት መጥፎው ካፓሲተር ካለባቸው ኦፕቲፕሌክሶች መካከል በሦስት ዓመት ውስጥ እስከ 97 ከመቶ የሚሆኑት ችግር ሊያሳዩ ይችሉ ነበር። የኩባንያው ሠራተኞች ግን ለደንበኛ ሲናገሩ ሰሌዳዎቹ መጥፎ ናቸው ወይም ችግር አለባቸው የሚል ቃል እንዳይጠቀሙ ተነግሯቸው ነበር።

በአሜሪካ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ክፍል ኮምፒዩተሮቹ ተራ በተራ ሲሞቱበት አመለከተ። የተሰጠው መልስ «ከባድ ሒሳብ እያሠራችሁ አድክማችኋቸው ነው» የሚል ነበር። ለሒሳብ ሊቃውንት ይህን መልስ መስጠት ድፍረት ነው! ከሁሉ የሚያስቀው ግን በዚሁ ክስ ለኩባንያው ጥብቅና የቆመው የጠበቆች ድርጅት ራሱ 1,000 ያህል ተጠርጣሪ ኮምፒዩተሮች ነበሩት፤ ኩባንያው እነርሱንም ለመጠገን አንገራግሯል።

ለፍትሕ ሲባል ሌላውንም ገጽ መናገር ይገባል። የመጥፎ ካፓሲተር ችግር በዚያ ዘመን ዴልን ብቻ አልነካም፤ አፕልና ኤችፒም ቀምሰውታል። ዴልም በ2005 ለመጠገኛና ለመተኪያ 300 ሚሊዮን ዶላር በሒሳቡ ይዟል፤ የተጎዱትን ሰሌዳዎች ዋስትናም እስከ ጃንዋሪ 2008 አራዝሟል። ነገር ግን ይህ መራዘም ለማን ደረሰ? ላወቀና ለጠየቀ ነው። ያልጠየቀው ማሽኑን ሸጦ ተገላገለ፤ የገዛውም ለሌላ ሸጠ። እንዲህ እያለ እጅ በእጅ ለሚዞር ማሽን የመጨረሻው ባለቤት ጥፋቱን በራሱ ላይ ይፈልጋል። አሮጌ ማሽን ስትገዙ እንግዲህ ክዳኑን አስከፍቱና የበርሜሎቹን ራስ ተመልከቱ። ራሳቸው ጠፍጣፋ ከሆነ ደኅና ነው። አንዱ እንኳ ካበጠ ዋጋውን አስቀንሱ ወይም ተዉት። ብየዳ የሚችል ራዲዮ ጠጋኝ ካለ በቮልቱና በማይክሮፋራዱ ልክ አዲስ ሊተካላችሁ ይችላል፤ የዘንጎቹን ቀኝና ግራ (ፕላስና ማይነስ) እንዳያለዋውጥ ብቻ አስጠንቅቁት።

ከዚህ በላይ ያየነው በየትኛውም አገር ያለ ሰው የሚደርስበት ነው። በሱዳን ላለን ሰዎች ደግሞ ሌላ ግድግዳ ነበረብን። ሱዳን ከ1993 ጀምሮ አሜሪካ ሽብርተኝነትን ይደግፋሉ በምትላቸው አገሮች መዝገብ ውስጥ ገብታ ነበር። በኖቬምበር 1997 ደግሞ ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ባወጡት ትእዛዝ የአሜሪካ ኩባንያዎች ወደ ሱዳን ዕቃም ሆነ አገልግሎት እንዳይሸጡ ተከለከሉ። ታላላቆቹ የኮምፒዩተርና የፕሮግራም ኩባንያዎች አብዛኞቹ አሜሪካውያን ስለሆኑ፣ ከካርቱም ወይም ከገዳሪፍ ሆኖ አንድን ፕሮግራም ለማውረድ የሞከረ ሰው ገጹ ባለበት አገር አይፈቀድም የሚል መልስ ያገኝ ነበር። በፌብሩዋሪ 2015 ለግል መገናኛ የሚሆኑ ስልኮች፣ ኮምፒዩተሮችና ፕሮግራሞች ተፈቀዱ። ጠቅላላው የንግድ እገዳ በኦክቶበር 2017 ተነሣ። እኛ በኖቬምበር 2020 በሐምዳይትና በሉግዲ በኩል ድንበሩን ስንሻገር ሱዳን ገና በዚያ መዝገብ ላይ ነበረች፤ ስሟ የተፋቀው በዲሴምበር 14 ቀን 2020 ነው።

ሕግ ተነሣ ማለት ግን አገልግሎቱ በማግሥቱ መጣ ማለት አይደለም። ሃያ ዓመት ወኪል ያልነበረው ኩባንያ በአንድ ቀን የጥገና ቤት አይከፍትም፤ በባንክ ካርድ ለውጭ ኩባንያ መክፈልም ለብዙ ሰው የማይቻል ሆኖ ቆይቷል። በዚህ ላይ ኤፕሪል 15 ቀን 2023 የሱዳን ጦርነት ተነሣ። በፌብሩዋሪ 2024 የዛይን፣ የኤምቲኤንና የሱዳኒ የስልክ መስመሮች በአብዛኛው አገር ተቋርጠው ሰው በሳተላይት ኢንተርኔት ተራ ይዞ ከዘመዶቹ ጋር የሚገናኝበት ጊዜ እንደነበር የምናስታውሰው ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ኩባንያው ቢመልስ እንኳ መልሱን የሚያመጣ መስመር የለም።

ሌላው የዋስትና ዓይነት የፕሮግራም ነው። ማይክሮሶፍት ለእያንዳንዱ ዊንዶውስ የጥበቃ እድሳት የሚሰጠው እስከ ተወሰነ ቀን ድረስ ነው። የኤክስፒ በኤፕሪል 8 ቀን 2014፣ የሰባት በጃንዋሪ 14 ቀን 2020፣ የዐሥር በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ቀኑ ሲያልፍ ማሽኑ አይቆምም፤ ነገር ግን አዲስ ቫይረስ የሚገባበት ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍንለት የለም። ዐሥራ አንደኛው ዊንዶውስ ደግሞ አሮጌ ማሽኖችን አይቀበልም፤ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ሚሞሪና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የጥበቃ ዕቃ ይፈልጋል። በገበያ የምናገኛቸው ብዙዎቹ ይህ የላቸውም። እንዲህ ላለው ማሽን ሊኑክስ ሚንት ወይም ሉቡንቱ የተባሉት ነጻ ፕሮግራሞች ይሻላሉ፤ በፍላሽ ተገልብጠው ከእጅ ወደ እጅ ማስተላለፍም ሕጋዊ ነው። በግዕዝ ፊደል አማርኛና ትግርኛ ይጽፋሉ። ነገርን ነገር ያነሣዋልና፣ የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት የገባው በ1999 ነው፤ ማይክሮሶፍትም የራሱን የአማርኛ ፊደልና ቁልፍ ሰሌዳ ከዊንዶውስ ጋር የሰጠው በ2007 ቪስታ ሲወጣ ነው። ከዚያ በፊት ለዓመታት ፊደላችንን ኮምፒዩተር ላይ ያዋሉት እነ ዶክተር አበራ ሞላና ሌሎች የአገራችን ባለሙያዎች ናቸው። ኩባንያ ደጅ ቢጸና ኖሮ ገና ብዙ በጠበቅን ነበር።

አሁን በእጃችን ወዳለው እንምጣ። ከሁሉ አስቀድሞ የኤሌክትሪኩን ነገር ተመልከቱ። ከአሜሪካ የመጡ አሮጌ ዴስክቶፖች ኃይል ማስገቢያቸው አጠገብ ትንሽ ቀይ ማንሸራተቻ አላቸው፤ 115 ወይም 230 ተብሎ ተጽፎበታል። የሱዳን ኤሌክትሪክ 230 ቮልት ነው። ማንሸራተቻው 115 ላይ እንዳለ የሰካ ሰው ተኩስ የሚመስል ድምፅ ሰምቶ ጭስ ያያል። ይህን ኩባንያው አይጠግንላችሁም፤ ዋስትና ቢኖርም አይሸፍነውም። የኃይል ሣጥኑን ራሱን ግን ተነቅሎም ቢሆን አትፍቱት፤ በውስጡ ሰው ሊገድል የሚችል ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል።

ቀጥሎ አቧራ ነው። የገዳሪፍ ጥቁር አፈር በበጋ እንደ ዱቄት ይነሣል፤ የማሽኑን ማራገቢያ ያንቀዋል፤ የታነቀ ማሽን ይሞቃል፤ የሞቀ ማሽን ራሱን ያጠፋል። ክዳኑን ከፍታችሁ በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ጥረጉ። ሲነሣ ጢጥ ጢጥ እያለ ስክሪኑ ከጠቆረ ብዙ ጊዜ ሚሞሪው ነው፤ ከነቀላችሁት በኋላ ወርቃማ ጥርሱን በእርሳስ ላጲስ በቀስታ አሽታችሁ፣ ብናኙን አራግፋችሁ መልሱት። ሰዓቱና ቀኑ በየዕለቱ እየተሳሳተ ከሄደ ደግሞ በሰሌዳው ላይ ያለችው ሳንቲም የምታህል ባትሪ አልቃለች፤ ሲአር2032 ብላችሁ ጠይቁ።

ዋስትናው በእርግጥ ካላለቀ ክዳኑን አትክፈቱ፤ ለኩባንያው ጻፉ። ከመደወል መጻፍ ይሻላል፤ የተጻፈ ነገር ማስረጃ ይሆናል። በደብተር ላይ የማሽኑን ቁጥር፣ ብልሽቱ የጀመረበትን ቀን፣ በስክሪኑ ላይ የወጣውን ጽሑፍ ከነስሕተቱ ቃል በቃል፣ የድምፁንና የመብራቱን ብዛት መዝግቡ። ያነጋገራችሁን ሰው ስምና የጉዳዩን ቁጥር ሳትቀበሉ መስመሩን አትልቀቁ። አጥፍተህ አብራው ሲሏችሁ አድርገናል ብላችሁ ከነቀኑ ንገሯቸው፤ አለዚያ ከመጀመሪያው ገጽ ይጀምሩላችኋል። ስልክ ቁጥሩን ከራሱ ከኩባንያው ገጽ ወይም ከማሽኑ ላይ ውሰዱ እንጂ ኢንተርኔት ላይ ያገኛችሁትን አትመኑ። የኩባንያ ሰው መስለው ማሽናችሁን ከሩቅ እንድትከፍቱላቸውና በስጦታ ካርድ እንድትከፍሏቸው የሚጠይቁ አጭበርባሪዎች በዓለም ሁሉ አሉ። እናንተ ሳትጠሩት ቫይረስ አለብህ ብሎ የሚደውል ሰው ሌባ ነው።

የመጨረሻው ነገር ከሁሉ ይከብዳል። የእርዳታ መስመሩ ሠራተኛ ሌላ መፍትሔ ሲያጣ ብዙ ጊዜ «ወደ ፋብሪካው ሁኔታ መልሱት» ይላል። ለእርሱ ይህ ሥራውን የሚጨርስበት አጭር መንገድ ነው። ነገር ግን በዚህ ትእዛዝ በዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ከእኛ መካከል የትምህርት ማስረጃውን፣ የልደት ወረቀቱን፣ የጋብቻ ፎቶውን ዋናውን እዚያው ቤቱ ጥሎ የመጣ፣ የቀረው በኮምፒዩተር የተነሣ ቅጂ ብቻ የሆነ ብዙ ነው። ይህ ቅጂ ከጠፋ ለትምህርትም ሆነ ለሌላ ጉዳይ የሚቀርብ ሌላ ነገር የለም። ስለዚህ እሺ ከማለታችሁ በፊት ዲስኩን አስወጡ። ዲስክን በዩኤስቢ የሚያገናኝ ገመድ በገበያ ይገኛል፤ በእርሱ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሰክታችሁ ወረቀቶቻችሁን በሁለት ፍላሽ ገልብጡ። ፋይሎቹ በእርግጥ መከፈታቸውን አንድ በአንድ እዩ። አንዱን ፍላሽ እናንተ ያዙ፣ ሌላውን በኡም ራኩባ ወይም በቱናይድባህ ላለ የምታምኑት ዘመድ ስጡ።

በቅርብ ዓመታት የተሠሩ ላፕቶፖች ግን አንድ ተጨማሪ ጣጣ አላቸው። ቢትሎከር በሚባል ቁልፍ ዲስካቸው ራሱን ስለሚቆልፍ ነቅሎ ሌላ ማሽን ላይ መሰካት ብቻውን አያስነብበውም። ባለ 48 አኃዝ መክፈቻ ይጠይቃል። ያ ቁጥር ከጠፋ ማይክሮሶፍት ራሱ እንደገና ሊፈጥርላችሁ አይችልም። ማሽኑ ደኅና ሳለ ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ ቁጥሩን ፈልጉ፤ በወረቀት ላይ ጻፉት፤ ሁለት ጊዜ አመሳክሩት፤ ከራሽን ካርዳችሁ ጋር በላስቲክ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት።